ሥራ የፈታች የምትመስለው ልጅ

ማታ ከሥራ ደክማችሁ ቤት ስትገቡ የሚያጋጥማችሁን ነገር እስቲ አስታውሱ። ስኒው አልታጠበም፣ ሊጡ አልተቦካም፣ ቤቱም አልተጠረገም። ልጃችሁ ግን ጠዋት ትታችኋት በወጣችሁበት ቦታ እንደተቀመጠች ናት። ከፊቷ ወረቀት አለ። ከጠዋት ጀምሮ የጻፈችው ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ ከእሱም አብዛኛው ተሰርዟል። በዚህ ጊዜ ከአፋችሁ የሚወጣው ቃል ምን ይሆን?

«አንቺ ልጅ፣ እንዲሁ ተጎልተሽ ዋልሽ?» የምንል እንበዛለን። እኔም እናት ነኝና ብዬ አውቃለሁ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያች የተሰራረዘች ግማሽ ገጽ ነው።

የጎንደር ሰው የከፍተኛ ትምህርትን ፍሬ ከብዙ ከተሞች ነዋሪ ቀድሞ አይቷል። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ጤና መኮንኖችንና የኅብረተሰብ ነርሶችን ያሠለጥን ነበር። ነጭ ገዋን ለብሳ የምትወጣ ልጅ ምን እንደምትሠራ ለእናቷ ግልጽ ነው፤ መርፌ ትወጋለች፣ ታዋልዳለች፣ በሽተኛ ታያለች። የሒሳብ ተማሪዋ ግን ገዋንም መርፌም የላትም። ሥራዋ ሁሉ በራሷ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ ለሚያያት ሥራ የፈታች ትመስላለች። በተለይ በመጨረሻው ዓመት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በምታዘጋጅበት ጊዜ፣ ይህ አለመተያየት በእናትና በልጅ መካከል ቅሬታ ያመጣል።

ለመሆኑ የሒሳብ የመመረቂያ ጽሑፍ ምንድን ነው? ተማሪዋ እስከዚያ ድረስ የኖረችው መምህር የሰጣትን ጥያቄ በመፍታት ነው። መልሱን መምህሩ ያውቀዋል። አሁን ግን ጥያቄውን ራሷ መርጣ፣ መጻሕፍት አገላብጣ፣ አንድ ነገር ለምን እውነት እንደሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሷ ቃል ማስረዳት ይጠበቅባታል። አማካሪ መምህር ይመደብላታል፤ እሱም መንገዱን ያሳያታል እንጂ አይሄድላትም። በመጨረሻም በመርማሪ መምህራን ፊት ቆማ ለጥያቄያቸው መልስ ትሰጣለች።

ጉዳዩን በቅርብ ለማየት በጎንደር ከተማ አንዲት የሒሳብ ተማሪ ከእናቷ ጋር አነጋግሬ ነበር። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁ ትቼዋለሁ። እናቲቱ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች በማስረከብ አራት ልጆች ያሳድጋሉ። ልጅቷ የመጀመሪያዋ ናት።

የመረጠችው ርእስ ባሕረ ሐሳብ ነው። ይኸውም ሊቃውንት ጾምና በዓላት የሚውሉበትን ቀን የሚያወጡበት የቀመር ትምህርት ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳባት አካባቢ የሚኖሩት የእናቷ አባት መሪጌታ ናቸው። ልጅቷ በሕፃንነቷ ክረምት ክረምት እሳቸው ዘንድ እየሄደች ገብሱ መካከል ስትሯሯጥ፣ አያቷ የዓመቱን አጽዋማት በጣታቸው ቆጥረው ሲያወጡ ትሰማ ነበር። በጎጃም እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ቅኔ ያስተማሩ ሴት ሊቅ መኖራቸው የታወቀ ቢሆንም፣ ሴት ልጅን ቆሎ ትምህርት ቤት መላክ ግን የተለመደ አልነበረም። ስለዚህ ማንም አላስተማራትም፤ እሷ ግን ነገሩን አልረሳችውም።

አሁን እናንተም ብዕር አንሡና አብረን እንቁጠር። አርባ ሰባት እንጀራ በአሥር በአሥር ብታነባብሩ ሰባት ይተርፋል። ባሕረ ሐሳብም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ትርፍ ነው፤ በሊቃውንቱ አነጋገር ቁጥሩ ይገደፋል። ለምሳሌ 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7517 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል። ከትርፉ አንድ ሲቀነስ 11 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው 1 አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው 29 ደግሞ መጥቅዕ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ነው ጾመ ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. እንዲውል የወጣው።

ሊቃውንቱ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምን ጊዜም 30 ይሆናሉ ይላሉ። ልጅቷ ይህን ለማየት ከ1 እስከ 18 ያሉትን ወንበሮች አንድ በአንድ ሞከረች። ሁሉም 30 ሆኑ። ደስ ብሏት ለአማካሪዋ ስታሳየው፣ «ይህ መቁጠር ነው፤ እኔ የምፈልገው ለምን እንደሆነ ነው። ደግሞስ ወንበሩ ዜሮ ሲሆን ምን ሊመጣ ነው?» ብሎ መለሰላት።

የመጀመሪያውን ጥያቄ በሦስተኛው ቀን አገኘችው። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው። ስለዚህ ወንበሩን በ11ም በ19ም አባዝቶ መደመር በ30 እንደማባዛት ነው። በ30 የተባዛ ነገር በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። ከዚህም የተነሣ ሁለቱ ትርፎች አንድ ላይ 30 መሙላት አለባቸው። ሦስት ቀን የፈጀው ነገር በአራት መስመር አለቀ። እናቲቱ በእነዚያ ሦስት ቀናት ያዩት ግን ወረቀት ስታይ የምትውል ልጅን ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን አስጨነቃት። እንደ 2006 ዓ.ም. ባለ ዓመት ወንበሩ ዜሮ ነው። ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ስለሆነ አበቅቴም መጥቅዕም ዜሮ ሊሆኑ ነው፤ ድምራቸውም 30 አይሆንም። ሕጉ የፈረሰ መሰላት። ረቂቁን ለማስረከብ የቀራት ሁለት ሳምንት ሲሆን፣ በቤቱ ደግሞ የዘመድ ሠርግ ደርሶ የሚጋገረው እንጀራ በእጥፍ ጨምሯል። ቀን ወደ ወፍጮ ቤት፣ ማታ ወደ ምጣድ ሆነ። አሥራ አንድ ቀን ሲቀራት ለእናቷ፣ «እማዬ፣ ለሚመጣው ዓመት ባስተላልፈውስ?» አለቻቸው።

«ስትል ደነገጥሁ» ይላሉ እናቲቱ። «አራት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁትን ነገር እኮ በእንጀራ ልታስቀርብኝ ነው። የገረመኝ ደግሞ፣ ምን እንደምትሠራ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።»

በዚያች ሌሊት ምጣዱ ዳር ሆነው ጠየቋት። ልጅቷም እንጀራውን ምሳሌ አድርጋ አስረዳቻቸው። ወንበር ዜሮ ላይ ስትደርስ እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ትርፍ የለም ማለት እኮ ድርድሩ ሞላ ማለት ነው» አሉ። ሠላሳ እንጀራ በሠላሳ ሲደረደር ትርፍ የለውም፤ ግን አንድ ሙሉ ሠላሳ አለ። ልጅቷ ብዕሯን አነሣች።

ቅዳሜ የእናቲቱ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። ሆኖም በዚያ ቅዳሜ የመኪና ሰጥተው ወደ ዳባት ላኳት። ወፍጮ ቤት የሄደው ታናሽ ወንድሟ ነው። አያቷም ጥያቄዋን ሲሰሙ ሳያመነቱ፣ «በዚያ ዓመትማ አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ ሠላሳ ነው» አሏት። ሊቃውንቱ ዜሮውን በ30 ተክተው ኖሯል የሚቆጥሩት። በ30 ሲገደፍ ደግሞ ዜሮና 30 አንድ ናቸው። ሕጉ አልፈረሰም።

ከዚያም ልጅቷ ምክንያቱን በአራት መስመር ጽፋ አነበበችላቸው። «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ይህን ድሮም አውቀዋለሁ» አሉ። «አንቱማ ያውቁታል፤ እኔ ለምን እንደሆነ ፈልጌ ነው» አለቻቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ ጊዜ ካዩት በኋላ፣ «ይህንንስ አልነገሩንም ነበር» ብለው መለሱላት። ልጅቷ ጽሑፏን በቀኑ አስረክባ፣ በመርማሪዎቹ ፊት ቆማ አልፋለች።

ወረቀት ላይ መዋል ሥራ መሆኑን ለመረዳት የሌላ አገር ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ቴህራን የተወለደችው ማርያም ሚርዛኻኒ በ2014 ፊልድስ የተባለውን ከፍተኛ የሒሳብ ሽልማት ስትቀበል የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ሽልማቱ መሰጠት የጀመረው በ1936 ነው። ቤቷ ወለል ላይ ትልልቅ ወረቀት ዘርግታ እየሣለች ስለምታስብ፣ ትንሿ ልጇ የእናቷ ሥራ ሥዕል መሣል ይመስላት ነበር። ማርያም በ2017 በጡት ካንሰር ምክንያት በ40 ዓመቷ አርፋለች።

እንግዲህ እናቶች፣ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ልጅቷ የሚያስፈልጋት ያልተቆራረጠ ሰዓት ነው። ሒሳብ እንደ ሊጥ ነው፤ በየደቂቃው ከተነካካ አይቦካም። በቀን ሁለት ሰዓት ማንም የማይጠራት ጊዜ ብትሰጧት፣ በየመሀሉ እየተጠራች ከምትውልበት ሙሉ ቀን ይሻላታል። ሁለተኛ፣ የቤት ሥራ የሴት ልጅ ዕዳ ብቻ አይደለም። ወንዱም ወፍጮ ቤት ይሂድ፣ ስኒም ይጠብ። ሦስተኛ፣ የሠርግና የክርስትና ድግስ ስታስቡ የልጃችሁን የማስረከቢያ ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አራተኛው ምክር ከባድ ነው። ጊዜ ያጠራት ልጅ የተዘጋጀ ጽሑፍ በገንዘብ ልግዛ ብትል፣ ከችግሯ የምትወጣ ሊመስላችሁ ይችላል። ገንዘቡን አትስጧት። በመርማሪዎቹ ፊት የሚቆመው ሻጩ ሳይሆን እሷ ናት። ከዚያም በላይ፣ የገዛችው ጽሑፍ ያቺን የአራት መስመር ደስታ አይሰጣትም። ገንዘቡን ለመኪና፣ ለወረቀትና ለማተሚያ አድርጉት።

የሒሳቡን ነገር ባትረዱትም ግድ የለም። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ስኒው ሳይታጠብ፣ ልጅቷም ወረቀቷ ላይ እንዳቀረቀረች ብታገኟት፣ የተለመደውን ቃል ዋጥ አድርጉና አጠገቧ ተቀመጡ። «ምን ላይ ደረስሽ?» በሏት። ስኒውን በኋላ አብራችሁ ታጥቡታላችሁ።