አደባባዩ የማይቆጥረው ድምፅ

ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው ስለ ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ ዝግጅት ያወራል። ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ካርድ መውሰጃው መቼ ነው የተባለው?» አሉ፤ ለማንም ያሉት አይመስልም። ዝርዝር ሲቆጥር የነበረው ረዳት ቀበል አድርጎ «እማማ፣ ካርዱ ምን ሊያደርግልዎት? ይቺ አገር በካርድ ተቀይራ ታውቃለች? የተቀየረችው መንገድ ሲዘጋ ነው» አላቸው። እሳቸው ዞር ብለውም አላዩት። «መንገድ ሲዘጋማ የከሰርኩት እኔ ነኝ። ከሻሸመኔ የተጫነ ድንቼ ሦስት ቀን መንገድ አድሮ በስብሶ ገባ።» ታክሲው በሙሉ ሳቀ፣ ረዳቱም ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን «እሺ፣ በካርዱስ ምን አተረፉ?» ሲላቸው የሚመልስለት ጠፋ።

አዲስ ነገር አልተናገረም። በየቡና ቤቱ፣ በየፓርቲው ጽሕፈት ቤት፣ ዋሽንግተን ላይ ባንዲራ ይዞ በብርድ በቆመው ሰው ዘንድ ሁሉ ሃያ ዓመት የከረመ ክርክር ነው። (የውጭው ወገናችን ነገር ለብቻው ይገርመኛል። ሰልፍ ለመውጣት የሚከለክለው የለም፤ ካለበት ሆኖ ድምፅ የሚሰጥበት ሣጥን ግን እስከ ዛሬ አልቀረበለትም።) አንደኛው ወገን «ሥልጣን በምርጫ ብቻ» ይላል። ይህን አባባል አዘውትሮ የሚያነሳው ወንበሩ ላይ ያለው መሆኑን ልብ ይሏል። ሌላው «ያለ ትግል የተገኘ ድል የለም» ይላል። እኔም የረዳቱን ጥያቄ ይዤ ወደ መዛግብቱ ስገባ ሁለቱ መንገዶች ሲከታተሉ፣ አንዱ በሌላው እግር ሲተካ አገኘኋቸው።

በንጉሡ ዘመን ምርጫ ነበር። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ይመረጡ ጀመር። ፓርቲ ግን አልነበረም፤ ተወዳዳሪው ንብረት ያለው ሰው መሆን ነበረበት። የመጨረሻው ምርጫ የተካሄደው በ1965 ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 11 ቀን 1966፣ የአዲስ አበባ ታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ ምክንያት አድማ መቱ። መምህራኑም በትምህርት ዘርፍ ጥናቱ ተቆጥተው ሥራ አቆሙ። ንጉሡ በሬዲዮ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሱ፣ ጥናቱንም አዘገዩት። ከቀናት በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ሙስሊሙና አብሮት የቆመው ክርስቲያን የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው አዲስ አበባን አጥለቀለቋት። አዲስ የተመረጠው ምክር ቤት በዚያ ሁሉ መሀል ስሙን የሚያነሳው አልነበረም።

ከዚያ የሆነው ነገር ከሁሉ በላይ ያስደንቀኛል። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ሥልጣን ሲይዝ ባወጣው በመጀመሪያው አዋጅ አድማንና ያልተፈቀደ ሰልፍን ከለከለ። በአደባባይ ጩኸት የተከፈተውን በር የገባበት ሰው ወዲያው ከኋላው ቀረቀረው። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተባለ፣ ቀበሌ ስም እየጠራ ሕዝቡን ለድጋፍ ሰልፍ ያወጣው ጀመር። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ለተቃውሞ የወጡት ወጣቶች የጠበቃቸው ጥይት ነበር።

ደርግን የተካው ኢሕአዴግ በተራው ነሐሴ 1983 ላይ የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ አወጣ፤ አዋጅ ቁጥር 3። አነበብኩት፤ አጭር ነው፣ አይከፋም። ሰልፍ የሚጠራ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል ይላል። ማሳወቅ ነው፤ ፈቃድ ስጡኝ ብሎ ደጅ መጥናት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30ም ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብንና ሰልፍ መውጣትን መብት ብሎ አስቀምጦታል። በተግባር የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል።

ይህን አዋጅ የሚያስፈጽም አንድ የከተማ መሥሪያ ቤት ኃላፊን ቀላል ነገር ጠየቅኳቸው። ባለፈው ዓመት ስንት የሰልፍ ማሳወቂያ ደብዳቤ ደረሳችሁ? ስንቱስ ተቀባይነት አገኘ? «በስልክ የሚመለስ አይደለም፣ በደብዳቤ አስገባ» አሉኝ። አስገባሁ። ደብዳቤው መድረሱን ነገሩኝ፤ ከዚያ ስብሰባ ላይ ሆኑ። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት እስከገባበት ሰዓት ድረስ ከስብሰባ አልወጡም።

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ ሰው ግን ለመናገር አልሰሰቱም፤ «ስሜን ብቻ እንዳትጽፈው» ብለዋል። ጋሼ እላቸዋለሁ። በምርጫ 97 በአንድ የአዲስ አበባ ምርጫ ጣቢያ የተቃዋሚው የቅንጅት ታዛቢ ነበሩ። ከመደርደሪያው በላይ ከፍሪሲዮን ካርቶኖች መሀል አንድ የፕላስቲክ ማህደር አወረዱ። ውስጡ የዚያ ሌሊት የውጤት ቅጽ ቅጂ አለ። ካርቦኑ ወደ ወይን ጠጅ ደብዝዟል፣ በማጠፊያው ላይ ተሰንጥቋል፣ ከታች የሁለት ታዛቢዎች ፊርማ ጎን ለጎን ሰፍሯል።

«መብራት ጠፋብን» አሉኝ። «ሻማ ገዝተን መጣን። የኢሕአዴጉ ታዛቢ ሻማውን ይይዛል፣ አስመራጯ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ንብ፣ ሁለት ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ንብ፣ ሁለት ጣት። ሊነጋጋ ሲል ውጤቱን በር ላይ ለጥፈን እኔና ልጁ ተቃቅፈን ወጣን። ስነግረው የሚያምነኝ የለም። ተቃቅፈን ነው የወጣነው!»

(ንብ የኢሕአዴግ፣ ሁለት ጣት የቅንጅት የምርጫ ምልክት ነበር።) ከምርጫው በፊት የነበረውን ሳምንት ያየ ሰው ያምናቸዋል። ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላ፤ በማግስቱ ቅንጅት ያንኑ አደባባይ ዳግም ሞላው። ሁለት ተፎካካሪ ወገኖች በሁለት ተከታታይ ቀን አንድ ቦታ ወጡ፣ የፈሰሰ ደም አልነበረም፣ ሳምንት ቆይተው ሁሉም ወደ ኮሮጆው ሄዱ። በቴሌቪዥን የሚደረገውን ክርክር ሰው ሥራ ጥሎ ይከታተል ነበር። ሰልፍና ምርጫ በአንድ ቤት አብረው የኖሩት ያን ሰሞን ብቻ ይመስለኛል።

ግንቦት 7 ማታ፣ ቆጠራው ገና ሳያልቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰልፍ መከልከሉን በቴሌቪዥን አስታወቁ። «እኛ በሻማ ስንቆጥር ለካ ታውጆ አድሯል» ይላሉ ጋሼ። «ሌባ ካልሆነ በስተቀር ገንዘብ ሊቆጥር ሲል አፋችሁን ዝጉ የሚል ማን ነው? ኮሮጆው ሳይከፈት አፋችን ተዘጋ።»

ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ወሰደ። የፓርላማው የመጨረሻ ውጤት ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለኅብረት 52 ወንበር ሰጠ። ተጭበርብሯል ያለው ወገን ውጤቱን በሰልፍ እንዳይሞግት ተከልክሏል፤ በምርጫ ቦርዱም በፍርድ ቤቱም እምነት አልነበረውም። ቅንጅት ፓርላማ እንግባ አንግባ ብሎ ሲሟገት ከረመና አልገባም አለ። ሰኔ 1 ቀን ተቃዋሚዎች ላይ ተኩስ ተከፍቶ ነበር፤ ጥቅምት 22 ቀን 1998 ሌላ ዙር ተጀመረ። በፓርላማው የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የተገደሉት ሰላማዊ ሰዎች 193 መሆናቸውን አረጋገጠ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢና ምክትላቸው አገር ጥለው ተሰደዱ።

«ባለ ታክሲዎቹ ለተቃውሞ ክላክስ ሲነፉ ሚስቴ ሠርግ መስሏት በመስኮት ልታይ ወጣች» ይላሉ ጋሼ። «ማታ እኔን ከቤት ወሰዱኝ። ደዴሳ ካምፕ ፀጉራችንን ላጩን። እዚያ ያ ሻማ የያዘው ልጅ ትዝ ይለኝ ነበር፤ እሱም ፈርሟል እኮ!»

በዚያ ዓመት ከታሰሩት የሁለት ሰዎች መንገድ ይህን ክርክር ከማንኛውም ትንታኔ በላይ ያሳየኛል። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ዳኛ ነበሩ፤ በመንግሥት የታሰሩትን አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ የለቀቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ፣ ታሰሩ፣ በ1999 ይቅርታ ተደርጎላቸው ወጡ፣ በ2001 እንደገና ገቡ፣ ተሰደዱ። ተመልሰው ከኅዳር 2011 ጀምሮ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው እስከ 2015 ሠሩ። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ አዲስ አበባን በከንቲባነት እንዲመሩ ተመርጠው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ወህኒ ወረዱ። ሲወጡ በ2000 ግንቦት 7 የሚል ድርጅት መሠረቱና ኤርትራን መነሻ ወዳደረገው የትጥቅ ትግል ገቡ። ድምፅ በተሰጠበት ቀን የተሰየመ ድርጅት ጠመንጃ ሲያነሳ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስበው። ዛሬ የትምህርት ሚኒስትር ናቸው።

ከ97 በኋላ መንግሥት የተማረው ትምህርት አደባባዩንም ኮሮጆውንም አንድ ላይ መዝጋት ነበር። በ2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና የፀረ ሽብር አዋጆች ወጡ፤ መራጭ ያስተምሩ የነበሩ ማኅበራት ተዳከሙ። አምስት አምስት ሰው በአንድ መሪ ሥር የሚያቅፈው አንድ ለአምስት አደረጃጀት እያንዳንዱ ቤት ድረስ ገባ። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ያዙ፤ የቀሩት አንድ የመድረክ ተመራጭና አንድ የግል ተወዳዳሪ ነበሩ። በ2004 ሙስሊሙ «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ በየዓርቡ ሲወጣ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱ የመጅሊሱ ምርጫ በመስጊድ ይሁን የሚል ነበር። ተሰልፎ የጠየቀው ምርጫ ነው! ምርጫው በቀበሌ ተደረገ፤ የጠያቂዎቹ ተወካዮች ታሰሩ። ግንቦት 2007 ላይ ፓርላማው መቶ በመቶ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ።

ስድስት ወርም አልቆየ። ኅዳር 2008 ጊንጪ ላይ ተማሪዎች ወጡ፤ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞም ኦሮሚያን አዳረሰ። ሐምሌ 24 ቀን ጎንደር በሕዝብ ተጥለቀለቀች፤ በሳምንቱ ባሕር ዳር ላይ ተኩስ ሆነ። መስከረም 22 ቀን 2009 የቢሾፍቱው ኢሬቻ ወደ ሐዘን ተለወጠ። የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ራሱ 669 ሰዎች መሞታቸውን ለፓርላማ ተናገረ። የካቲት 2010 ኦሮሚያ ውስጥ የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ እስር ቤቶች ተከፈቱ፤ የካቲት 8 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ አሳወቁ። ረዳቱ ልክ ነበር፤ አገሪቱ የተቀየረችው መንገድ ሲዘጋ ነው።

ነገር ግን ቀጥሎ ማን ይምራ የሚለውን መንገዱ አልወሰነም። መጋቢት 2010 የ180 አባላት የኢሕአዴግ ምክር ቤት በዝግ ስብሰባ ድምፅ ሰጠ፤ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ 108 ድምፅ አገኙ። ከጊንጪ እስከ ጎንደር የወጣው ሚሊዮን ሕዝብ በዚያ አዳራሽ አንድም ካርድ አልነበረውም። አዲሱ መሪ በሕዝቡ አልተወደዱም ማለቴ አይደለም፤ የሰኔ 16ቱ የመስቀል አደባባይ ሰልፍ ምስክር ነው። ግን አደባባይ በሩን ይሰብራል እንጂ ድምፅ አይቆጥርም። ጋሼ ይህን ከእኔ አሳጥረው ይሉታል፦ «ልጆቹ ሞተው በሩን ከፈቱ። የገባው መጀመሪያም ውስጥ የነበረው ነው።»

የካይሮና የካርቱም ሰዎች ይህን በራሳቸው ያውቁታል። ሁለቱም ጋ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ መሪ ሲያወርድ ቁልፉን የወሰደው ወታደር ነው። ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲሽር ሦስተኛ በር አሳይታለች፤ እኛ ጋ ያ በር በ97 ተንኳኩቶ የሚያምነው አልነበረም።

ከቤታችን አንድ ለየት ያለ አለ፤ ሲዳማ። የክልልነት ጥያቄው ለዓመታት በሰልፍ ተጮኸ፤ ሐምሌ 2011 ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ብዙ ሰው ሞተ። ከዚያ ግን ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጠው ሕዝበ ውሳኔ ኅዳር 10 ቀን 2012 ተካሄደና 98.5 በመቶው ክልል እንሁን አለ። የሚያሳዝነው ሕጉ የሰጠው የአንድ ዓመት ጊዜ አልፎ፣ ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው።

በሌላው የአገራችን ክፍል የሆነው ተነግሮ አያልቅም። በኮቪድ የተራዘመው ምርጫ ትግራይ ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ለብቻው ተደረገ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት ሆነ። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ የኦሮሚያ ዋና ዋና ተቃዋሚዎች አልተወዳደሩም፤ ብልጽግና ከ436 ወንበር 410 ወሰደ። ዛሬ አማራና ኦሮሚያ ውስጥ የሚሰማው ተኩስ ከሁለቱም መንገድ የወጣ ሦስተኛ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ጋሼ በ2013ም ድምፅ ለመስጠት ተሰልፈዋል። የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ሰዓት ተራዝሞ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሠሩ እሳቸው መጨረሻ ላይ ነበሩ። «ሚስቴ ‹አልበቃህም ወይ?› አለችኝ። ምን ልበላት? ታዛቢዎቹን ላይ ነው የሄድኩት። ልጆች ናቸው። አንዷ እንቅልፏን ታንጎላጃለች። ንቂ፣ ይሄ ነገር ያስፈልግሻል አልኳት።»

ሱቁ ውስጥ የሃያ ሁለት ዓመት ልጃቸው ስልኩን እየነካካ ይሰማናል። ካርድ ወስዶ አያውቅም፤ ሰልፍም ወጥቶ አያውቅም። «አባዬ፣ አንተ እኮ ሁለቱንም ሞክረሃል» አላቸው። «እስቲ የትኛው ይሻላል?»

«ሂድና ለሰውዬው ኩሽኔታውን አውርድለት» አሉት።