ፎቶ ላይ የልጃችሁ ዓይን ነጭ ሆኖ ከታየ "ፍላሹ ነው" ብላችሁ አትለፉት!



አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የልጅቷ ግራ ዓይን መንሸዋረር ጀምሯል። ቀደም ብለው ሌላ ቦታ ሲያሳዩ "ስታድግ ይስተካከላል" ተብለው ጠብታ ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል። ስልኳ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አብረን አየን። ከወራት በፊት የተነሱት ላይ ሳይቀር የግራ ዓይኗ ብሌን ነጭ ሆኖ ያበራል። "እኛ እኮ ፍላሹ መስሎን ነው" አለችኝ።

ልጅቷ ሬቲኖብላስቶማ ነበረባት።

ሬቲኖብላስቶማ ምንድን ነው?

ከዓይን ጀርባ ብርሃን በሚቀበለው ሬቲና ላይ የሚነሳ ካንሰር ነው። በአብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ይይዛል። ከ15 ሺህ እስከ 20 ሺህ ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ላይ ይከሰታል። መነሻው አርቢ1 የሚባለው ጂን መበላሸት ነው። ከ10 ታማሚዎች 4 ያህሉ ላይ ችግሩ ሊወረስ የሚችል ዓይነት ስለሆነ ወንድምና እህትም መታየት አለባቸው።

ምልክቶቹ
- ፎቶ ላይ ወይም በደብዛዛ ብርሃን ብሌኑ ነጭ ሆኖ መታየት
- የዓይን መንሸዋረር
- የማይለቅ የዓይን መቅላት ወይም እብጠት

በፍላሽ ሁለቱም ዓይኖች ቀይ ሆነው ቢታዩ ጤናማ ነው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ ከሆነ ግን መታየት አለበት። የግድ ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፣ ልጁ ወደ ጎን ሲያይም ሊከሰት ይችላል። ይህን የሚለየው ግን የዓይን ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ምርምሩ ምን ይላል?

አሜሪካ ባለው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ብራያን ሾው የተባለ የኬሚስትሪ ምሁር ልጁ በዚህ በሽታ ተይዞበት ነበር። የድሮ ፎቶዎችን ሲያገላብጥ ነጩን ምልክት ቀድሞ አገኘው። ከዚያ ከባልደረቦቹ ጋር ፎቶዎችን እየፈተሸ ነጭ ብሌን የሚለይ የስልክ መተግበሪያ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ጥናታቸው፣ የዓይን ችግር ከነበረባቸው 20 ልጆች 16ቱ ላይ መተግበሪያው ምልክቱን ሐኪም ከማወቁ በፊት አግኝቷል፤ በአማካይ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። መተግበሪያው ግን ሐኪምን አይተካም።

ሌላው ችግር፣ እንደ ሌሎች ካንሰሮች በመርፌ ናሙና አንወስድም፤ ካንሰሩን ከዓይን ውጭ ሊበትነው ይችላላ! ብሌኑን በጠብታ አስፍተን፣ በአልትራሳውንድና በኤምአርአይ እንለየዋለን። አሁን ተመራማሪዎች ከዓይን ፊት ለፊት ካለው ውሃ ላይ የዕጢውን ዲኤንኤ ማንበብ ችለዋል።

ሕክምናው

ቀድሞ ከተደረሰበት በሌዘር፣ በማቀዝቀዝ ወይም በኬሞቴራፒ ዓይኑን ማትረፍ ይቻላል። ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ ዓይን የደም ስር የሚያደርሱ ማዕከላትም አሉ። ዕጢው ዓይኑን ከሞላው ግን ዓይኑን ማውጣት ግድ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ከ150 በላይ አገሮችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ በሀብታም አገሮች በሽታው የሚታወቀው በ14 ወር ገደማ ነው። በድሃ አገሮች ግን በ30 ወር ገደማ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ልጆች ሲደርሱ ካንሰሩ ከዓይን ውጭ ወጥቷል። ልዩነቱ ሕይወት ነው።

የዚያች ልጅ ወላጆች "ዓይኗ ይውጣ" ማለት አቅቷቸው ሄዱ። እኔም ተመልሰው ይመጡ ይሆን ብዬ ተጨነቅኩ። ከሳምንት በኋላ መጡ። አሁን በሰው ሠራሽ ዓይን ከእኩዮቿ ጋር ትሯሯጣለች። ቀድመን ደርሰን ቢሆን ግን ዓይኗንም እናተርፍላት ነበር።

ስለዚህ ዛሬውኑ የልጆቻችሁን የፍላሽ ፎቶዎች እዩ። ጥርጣሬ ካላችሁ ፎቶውን ይዛችሁ በዚሁ ሳምንት የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ትንሽ ልጅ ላለው ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።