እርድና የመገጣጠሚያ ብግነት፦ የአይጦች ሙከራ ለሐኪም ምን ይነግረዋል?

ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አብጠው መጨበጥ የሚያቅታት የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኛ ሜቶትሬክሴቱን ትታ በእርድ መታከም ትችል እንደሆነ ሐኪሟን ብትጠይቅ፣ ጥያቄው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ለእርድ ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ከርኩሚን የተባለው ውሁድ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ብግነትን እንደሚገታ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ችግሩ ያለው «ይገታል» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ መቼና በምን መንገድ ሲሰጥ የሚለው ካልተጠየቀ ቃሉ ያሳስታል።

አይጥ በተፈጥሮው ሩማቶይድ አርትራይተስ አይይዘውም፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ሕመም በሰው እጅ ይፈጠርበታል። ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ዘዴ የሞቱ ማይኮባክቴሪያዎችን በዘይት በጥብጦ መውጋት ሲሆን፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የእንስሳው እግሮች ያብጣሉ። በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከካርቲሌጅ የሚገኝ ኮላጅን ይህንኑ እንደሚያስከትል ታወቀ። በሌላ ዘዴ የስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሕዋስ ግድግዳ ወደ ሆድ ይወጋል። በዚህኛው ዘዴ አጣዳፊ እብጠት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣና ጋብ ይላል፤ ከዚያም አጥንት የሚበላው ሥር የሰደደ ደረጃ ይከተላል።

የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ሥራዎች የተጠቀሙት በዚህ በመጨረሻው ዘዴ ነው። ተናኝ ዘይቱ የተወገደለት የእርድ ንጥር ሉዊስ የሚባል ዝርያ ላላቸው ሴት አይጦች በሆዳቸው ውስጥ በመርፌ ሲሰጥ፣ የመገጣጠሚያ እብጠትንም የአጥንት ጉዳትንም በእጅጉ ቀነሰ። ብግነት አምጪ ጂኖችን የሚያነሣሣው ኤን-ኤፍ ካፓ-ቢ የተባለው ፕሮቲንም በመገጣጠሚያው ውስጥ ሥራውን እንዳይጀምር ታገደ። ይሁን እንጂ ከዘገባዎቹ ውስጥ ለሐኪም ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ንጥሩ የጠቀመው ብግነቱ ከመጀመሩ በፊት ሲሰጥ እንጂ ከጀመረ በኋላ ሲሰጥ አልነበረም። ወደ ክሊኒክ የሚመጣ ሕመምተኛ ደግሞ ሁልጊዜ «ከጀመረ በኋላ» ነው።

የአሰጣጡ መንገድም መታየት አለበት። በአፍ የተወሰደ ከርኩሚን አብዛኛው ሳይመጠጥ ያልፋል፤ የተመጠጠውንም አንጀትና ጉበት ፈጥነው ይለውጡታል። በ1978 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ለአይጦች በአፍ ከተሰጠው ውስጥ 75 በመቶ ያህሉ በዓይነ ምድር ወጥቷል። በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፓይፐሪን ምጠጣውን እንደሚጨምር በ1998 እ.ኤ.አ. ቢታይም፣ ይኸው ፓይፐሪን የሌሎች መድኃኒቶችንም መወገድ ሊያዘገይ ይችላል። በመጠን ረገድ፣ በአይጥ በኪሎ ግራም 100 ሚሊ ግራም የሆነው በሰውነት ገጽ ስፋት ሲሰላ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 1 ግራም ከርኩሚን ይሆናል። እርድ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ከርኩሚን አለው ቢባል፣ ይህ በቀን ከ30 ግራም በላይ ዱቄት ማለት ነው፤ አልጫ ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ግን ከሻይ ማንኪያ አያልፍም።

እንዲህ ያለ ዘገባ ሲነበብ ስለ ማነጻጸሪያ ቡድኖቹ መጠየቅ ይገባል። ከርኩሚን በውኃ ስለማይሟሟ በሌላ ማሟሚያ ይሰጣል፤ ማሟሚያውን ብቻ የወሰደ ቡድን ከሌለ ለውጡ ከምን እንደመጣ አይታወቅም። እብጠቱን የሚለካውም ሰው የትኛው እንስሳ ምን እንደወሰደ ማወቅ የለበትም። ቢጫው ቀለም ግን ጠጉር ላይ ጠብ ካለ ምሥጢሩን ያወጣል።

በሰው ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የሙከራ ጥናት 45 ሕሙማንን ለ8 ሳምንት ተከታትሎ፣ ከርኩሚን ከዳይክሎፌናክ ያላነሰ የሕመም ምልክቶችን መቀነሱን ዘግቧል። ነገር ግን ጥናቱ ትንሽና ያለ ፕላሴቦ የተደረገ ነበር፤ ዳይክሎፌናክም ቢሆን ሕመም ያስታግሣል እንጂ የአጥንቱን መበላት አያቆምም። ሜቶትሬክሴት የሚሰጠው ግን ይህንኑ ጉዳት ለመግታት ነው።

ስለዚህ ሕመምተኛዋ ሜቶትሬክሴቱን እንድትቀጥል፣ በወጥ ውስጥ ያለው እርድም እንደማያሳስባት ሊነገራት ይገባል። በእንክብል የሚሸጠው የተከማቸ ንጥር ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት ማድረሱ ተመዝግቧል፤ ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው ጉበቱ በየጊዜው የሚመረመር ስለሆነ፣ እንክብሉን መውሰድ ከጀመረች ሐኪሟ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።