የዘመን ቋት ሲሞላ

ሰው ሥራውን የሚሠራው በዛሬው ቀን ቢሆንም፥ ውል ሲዋዋልና ቤት ሲሠራ ግን ገና ያልደረሰውን ዘመን አስቦ ነው። ስለዚህ የሩቁን ዘመን በትክክል ቈጥሮ መያዝ ታላቅ ጉዳይ ነው።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ለዚህ መላ አበጅተዋል። የ2030 ዓ.ም.ን አጽዋማት ለማወቅ የሚሻ 5500 ዘመን ይደምርበታል፤ 7530 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 6 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲነሣ ወንበሩ 5፥ አበቅቴው 25፥ መጥቅዑም 5 ነው። ትርፉ ብቻ ስለሚያዝ፥ ዘመኑም በ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ስለሚዞር፥ ቍጥሩ የቱንም ያህል ቢርቅ ሂሳቡ አይጠብም።

ኮምፒዩተር ግን በሌላ መንገድ ይቈጥራል። ብዙዎቹ በአዲስ አበባ ሰዓት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያለፈውን ሴኮንድ ይደምራሉ። ቋቱ 32 ቢት የሆነ እንደ ሆነ ከ2,147,483,647 ሴኮንድ በላይ አይችልም። ይህም የሚሞላው ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጧቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ ነው። ዕለቱ የጥምቀት በዓል ነውና፥ የጉለሌና የአካባቢው ሕዝብ በጃን ሜዳ በሚሰበሰብበት ማለዳ መሆኑ ነው። ባልታደሰው መሣሪያ ግን በሚቀጥለው ሴኮንድ ቀኑ ወደ ኋላ ዘልሎ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፥ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይሆናል።

«ይህ የ2030 ጉዳይ ነው» ብሎ መተው ግን ስሕተት ነው። በአዋጅ ቍጥር 721/2004 መሠረት የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። በ2018 ዓ.ም. ጉለሌ ውስጥ ቦታ የተመራ ሰው ውሉ በ2117 ዓ.ም. ይፈጸማል። ቋቱ የጠበበ መሣሪያ ይህን ቀን ሲመዘግብ 136 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ስቶ 1981 ዓ.ም. ገደማ ሊያደርገው ይችላል፤ ውሉም ሳይጀመር ያለቀ ይመስላል። ጒዳቱ እንግዲህ ዛሬ ሊደርስ የሚችል ነው።

መድኃኒቱ ታውቋል። ቋቱ ወደ 64 ቢት ሲሰፋ 292 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይይዛል፤ አዳዲሶቹ መሣሪያዎችም በአብዛኛው እንዲህ ተሠርተዋል። የቀረው በየመዝገብ ቤቱ ያለውን አሮጌ መሣሪያና መዝገብ መመርመር ነው። ጥር 12 ቀን 2030ንና የ2117ን ቀን ዛሬውኑ አስገብቶ መፈተን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ዱቄቱ ከፈሰሰ በኋላ ቋት ከመፈለግ፥ ወፍጮው ሳይሞላ ማየት ይሻላል።