ኔክሮማንሰር፦ ሰነፍ እየተባለ የሚታማው የጦር አዝማች

የጌም አምራቹ ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በ2000 «ዲያብሎ 2» የተባለውን ጌም ሲያወጣ ለተጫዋቹ አምስት ጀግኖችን አቀረበ። በዓመቱ በወጣው ተጨማሪ ክፍል ሁለት ታከሉና ሰባት ሆኑ። ከሰባቱ እንደ ኔክሮማንሰር የሚታማ የለም። ፀጉሩ ነጭ፣ ፊቱ የገረጣ፣ ከወደቀ ጠላት ሬሳ አጽም አስነሥቶ የሚያዋጋ ጠንቋይ ነው። «አጽሞቹ ይዋደቁለታል፣ እሱ ከኋላ ቆሞ ያያል» ይሉታል። እንዲህ የሚሉት አብዛኞቹ ሁለተኛውን ምዕራፍ እንኳ በእሱ ሳይጨርሱ የተዉ ናቸው።

መሠረቱን በአጭሩ እንለፈው። ገጸ ባሕሪው ደረጃ ባደገ ቁጥር አንድ የክህሎት ነጥብ ያገኛል፤ እስከ መጨረሻው 99ኛ ደረጃ 98፣ ከተልዕኮ ሽልማት ደግሞ 12፣ በድምሩ 110። በአንድ ክህሎት ላይ በቀጥታ የሚፈሰው ከ20 አይበልጥም። በጠሪ ቢልድ፣ ማለትም ነጥቡን ሠራዊት በመጥራት ላይ በሚያውለው አመዳደብ፣ 20ው አጽም ለማስነሣት፣ ሌላው 20 ደግሞ ለአጽሞቹ ጉልበትና ሕይወት ይውላል። አጽሞቹ እስከ 3ኛው ነጥብ ድረስ በየነጥቡ አንድ አንድ፣ ከዚያ በኋላ በየሦስቱ ነጥብ አንድ ይጨምራሉ፤ 20 ሲሞላ ስምንት ይሆናሉ። በዚህ የሚከራከር የለም፤ ክርክሩ ያለው ሬሳው ላይ ነው።

አጽም ያለ ሬሳ አይነሣም። ከጌሙ ወጥቶ የተመለሰ ሰው አጽሞቹን አያገኛቸውም፤ ሠራዊቱን ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ በየጊዜው የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ የመጀመሪያውን ሬሳ ማን ይጥላል የሚል ነው። መልሱ ኔክሮማንሰሩ በአስማት የሚጠራው ሌላ አገልጋይ፣ የሸክላው ጎለም ነው። ጎለም ሬሳ አይጠይቅም፣ ማና፣ ማለትም የአስማት ኃይል፣ ብቻ ይበቃዋል፤ የመታውንም ጠላት ያዘገየዋል። የሁለተኛው ምዕራፍ አለቃ ዱሪኤል በጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ ሲጠብቅ አጽሞቹ ከረገፉ የሚተካቸው ሬሳ እዚያ የለም። ያን ጊዜ ደጋግሞ የሚጠራው ጎለም ነው ነፍስ የሚያድነው። ጎለም ላይ አንድ ነጥብ እንኳ የሚሰስት ተጫዋች ዱሪኤልን ባይወቅስ ደግ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ብዙ ጠሪዎች የቢልዱን ትልቁን መሣሪያ አያዩትም፤ ምክንያቱም መጥሪያዎቹ ባሉበት ገጽ ላይ የለም። ኮርፕስ ኤክስፕሎዥን፣ ማለትም ሬሳ ማፈንዳት፣ የተቀመጠው ከመርዝና ከአጥንት አስማቶች ጋር ነው። ከ6ኛ ደረጃ ጀምሮ ይከፈታል፤ ከሱ በፊት ጥርስ በሚባለው አስማት ላይ አንድ ነጥብ ማኖር ይጠይቃል። ሁለት ነጥብ፣ ከ110 ውስጥ!

ውበቱ አሠራሩ ላይ ነው። አብዛኞቹ ሌሎች አስማቶች ኃይላቸውን የሚያገኙት ከተጫዋቹ ነጥብ ነው። ይህኛው ግን ጉዳቱን የሚለካው በሟቹ ጭራቅ የሕይወት መጠን ነው፤ የሚጨመር ነጥብ የፍንዳታውን ስፋት እንጂ ኃይሉን አያሳድግም። ጌሙ ከኖርማል ወደ ናይትሜር፣ ከዚያም ወደ ሄል ሲከብድ የጭራቆቹ ሕይወት ያድጋል፤ ፍንዳታውም አብሯቸው ያድጋል። ሌላው ጀግና የጠላት ሕይወት ሲጨምር መሣሪያው ይደንዝበታል፤ የኔክሮማንሰር ግን ይሳልለታል።

በዚህ ላይ እርግማን አለ። የፍንዳታው ግማሹ እሳት፣ ግማሹ አካላዊ ጉዳት ነው። አምፕሊፋይ ዳሜጅ የተባለው እርግማን ጠላት የሚደርስበትን አካላዊ ጉዳት ያባብሳል፤ የአጽሞቹ ሰይፍም የፍንዳታው ግማሽም በአንድ ጊዜ ይበረታሉ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ መርገም፣ አጽሞቹ አንድ ጠላት እስኪጥሉ መጠበቅ፣ እሱን ማፈንዳት፣ የወደቁትን እንደገና ማፈንዳት። ክፍሉ በሰከንዶች ይጸዳል። ግን የፈነዳ ሬሳ አጽም አይሆንም። የቱ ይፈንዳ፣ የቱ ይነሣ፣ የቱ ለኋላ ይቀመጥ? ኔክሮማንሰር እንደ እረኛ ነው፤ ቆሞ ያለ ሲመስል ዓይኑ አያርፍም።

ለዚህ ነው ከበረዶ ጋር የማንስማማው። በብርድ አስማት የሞተ ጭራቅ ተሰባብሮ ሊቀር ይችላል፤ ሬሳ የለም ማለት ነው። በበረዶ አስማት የምትዋጋውን ጀግና፣ ሶርሰረስን፣ ከሚወድ ጓደኛዬ ጋር ስንጫወት እሱ ሜዳውን ያጸዳል፣ እኔ የማነሣው አጥቼ እከተለዋለሁ። «ሥራህን ቀለል አደረግኩልህ» ይለኛል! ከኔክሮማንሰር ጋር የምትጫወቱ፣ እባካችሁ ሬሳ አስተርፉ።

ከሸክላው ሌላ የብረት ጎለምም አለ፤ ስለ እሱ አንድ ተግሣጽ ብቻ። ከብረት ዕቃ ይሠራል፤ የዕቃውን ባሕርይም ይወርሳል። «ኢንሳይት» በተባለው ሩንዎርድ (የሩን ድንጋዮች ጥምረት) የተሠራ ዕቃ የተሰጠው ጎለም ማና የሚመልሰውን ሜዲቴሽን ይዞ ይሄዳል። ጎለሙ ሲሞት ግን ዕቃው አብሮ ይጠፋል። ሌላ ምትክ የሌለውን መሣሪያ ለጎለም ሰጥቶ እሳት ውስጥ መንዳት ድፍረት አይባልም፣ ግዴለሽነት ነው።

«ዲያብሎ 2» እ.ኤ.አ. በ2021 «ሪሰሬክትድ» ተብሎ ታድሶ ወጥቷል፤ በኮምፒውተርም በፕሌይስቴሽንም ይገኛል። ቢልዳችሁ አልሆነ ቢላችሁም በጌሙ ውስጥ ያለችው አካራ ነጥባችሁን አውልቃ እንደ አዲስ ታስመድባችኋለች። እንግዲህ ኔክሮማንሰርን ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ሁለቷን ነጥብ አውጡና ሞክሩት።