ሙሉውን ለማየት ይክፈሉ

ሰኞ ማታ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቴሌግራም ስጎረጉር አንድ ሥዕል አየሁ። የመርካቶ ተሸካሚ ነው፣ ከነሸክሙ፤ የሚታየው ግን ከወገቡ በላይ ብቻ። ከሥሩ «በመጨረሻ አለቀ! ሙሉውን ለማየት ሊንኩን ተጫኑ» ይላል። ተጫንኩ። ሊንኩ ያደረሰኝ ሥዕሉ ጋ ሳይሆን የቪአይፒ ቻናል በር ላይ ነው። በወር 200 ብር።

ሠዓሊዋን ሁለት ዓመት ተከታትያታለሁ። ይህንኑ ሥዕል ከንድፉ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የሰውየውን እጅ ሦስት ጊዜ ስታስተካክል አይቻለሁ፤ አስተያየት ስትጠይቀን «እጁ ትንሽ ይነስ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለጓደኞቼም ፎርዋርድ አድርጌያለሁ። መጨረሻው ላይ በር ተዘጋብኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ተናደድኩ።

ንዴቴን ዲጂታል ሥዕል ለሚሠራ ጓደኛዬ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «አንተ በነፃ ጻፍልን፣ ስም ታገኝበታለህ ሲሉህ ምን ነበር ያልከው?» አለኝ። ያልኩትን አስታውሳለሁ። ስም የቤት ኪራይ አይከፍልም ነበር ያልኩት። ዝም አልኩ።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ነገሩን በዚያ መነጽር ለማየት ሞከርኩ። አንድን ሥዕል መሥራት ሳምንታት ይፈጃል። ካለቀ በኋላ ግን ለአንድ ሰው ማሳየትም ለመቶ ሺህ ሰው ማሳየትም ያው ነው፤ ተጨማሪ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ተመልካች ይህን አይቶ «ታዲያ ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ሠዓሊዋ ደግሞ ሳምንታቷን ትቆጥራለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

«ማስታወቂያ ይክፈላታ!» የሚል አይጠፋም። አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ጃክ ኮንቴ ለአንድ የሙዚቃ ቪዲዮ 10 ሺህ ዶላር ገደማ አውጥቶ፣ ከዩቲዩብ ማስታወቂያ ያገኘው 200 ዶላር እንኳ አልሞላም። አድናቂዎች በየወሩ ለአርቲስቱ በቀጥታ የሚከፍሉበትን ፓትሪዮንን በ2013 ከአንድ ጓደኛው ጋር የመሠረተውም ለዚህ ነው። እኛ አገር ደግሞ ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ስንት ሰው ነው? የእኛዎቹ አርቲስቶች የሚጠቀሙት ቴሌብርን ነው፤ ከፋዩ ስክሪንሾት ይልካል፣ ሠዓሊዋ አንድ በአንድ አይታ ታስገባለች። ይህም ራሱ ሥራ ነው።

ስለዚህ መክፈሉን አልቃወምም። ያናደደኝ አነጋገሩ ነው። ማር ሻጭ ጣታችን ላይ ጠብ አድርጋ ታስቀምሰናለች፤ ሳይቀምሱ ማር የሚገዛ የለምና። ነገር ግን ስንቀምስ ገበያ ውስጥ እንዳለን እናውቃለን፤ ቤቷ ለእንግድነት እንዳልጠራችን እናውቃለን። «ሙሉውን ለማየት ተጫኑ» የሚለው ግን ግብዣ ይመስላል። ዋጋው የሚመጣው በሩ ላይ ስንደርስ ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ ኢኮኖሚስት፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት ካገኙበት ሥራዎች አንዱ በሆነው የ1970 ጽሑፉ፣ ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ያስረዳል። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ሁሉንም ይጠረጥራል፤ ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። በመጨረሻ ከገበያው የሚወጡት ጥሩ መኪና ያላቸው ሰዎች ናቸው። እኔም ከዚያ ሰኞ በኋላ የማንንም ሊንክ ለመጫን አመነታሁ። በዚህ የሚጎዳው ደግሞ «ንድፉ በነፃ፣ ሙሉው በ150 ብር» ብሎ ፖስቱ አናት ላይ በግልጽ የሚጽፈው ጓደኛዬ ነው።

ለማንኛውም ከፈልኩ። ሥዕሉን ሙሉውን አየሁት። ከወገቡ በታች ሰውየው በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርጓል። ብዙ ደቂቃ አየሁት። 200 ብሩ አልቆጨኝም።

ከዚያ ለሠዓሊዋ በውስጥ መስመር ጻፍኩላት፦ «ሥራሽ ዋጋው ነው። ዋጋውን ብቻ ከሊንኩ በፊት ንገሪን።» የልብ ምልክት አደረገችልኝ እንጂ መልስ አልጻፈችም።

የሚቀጥለውን ፖስቷን እየጠበቅኩ ነው።