ጉግል ኩባንያ ኤንጂኒየር የሚመርጥበትና የሚያሠራበት ሥርዓት

በ2004 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ በአንድ አውራ ጎዳና ዳር የኩባንያ ስም የሌለበት ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቆሞ ነበር። የተጻፈበት አንድ አስቸጋሪ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ ሲሆን፣ መልሱን ያገኘ ሰው በኢንተርኔት ሁለተኛ ጥያቄ ይቀርብለትና ያንንም ከፈታ የሥራ ማመልከቻ እንዲልክ ይጋበዝ ነበር። ባለማስታወቂያው በ1998 የተቋቋመው ጉግል ነበር።

በዚያን ጊዜ ኩባንያው የሶፍትዌር ኤንጂኒየሮችን በእንቆቅልሽ መፈተን ይወድ ነበር፤ አንድ አውሮፕላን ስንት የጎልፍ ኳስ ይይዛል የሚለው ዓይነት ጥያቄ ስሙ የወጣ ነው። ይሁን እንጂ የሠራተኞች ጉዳይ የበላይ ኃላፊ የነበሩት ላዝሎ ቦክ በ2013 ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በሰጡት ቃል፣ እንዲህ ያለው እንቆቅልሽ ጊዜ ከማጥፋት በቀር ጥቅም እንደሌለው ገለጹ። ኩባንያው በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ቃለ መጠይቆችን በኋላ ከታየው የሥራ ውጤት ጋር ቢያመሳክር፣ ጠያቂው የሰጠው ነጥብና የሠራተኛው ፍሬ ሳይገናኙ ቀሩ። ይህን በአደባባይ መናገር ለአንድ ታላቅ ኩባንያ ቀላል ነገር አይደለም።

አመልካቹ በይበልጥ የሚፈተነው ሥራውን በሚመስል ጥያቄ ነው። ለምሳሌ አንድ አስመጪ ሁለት ዝርዝር አለው እንበል፤ አንደኛው በመርከብ የተጫነው ዕቃ፣ ሁለተኛው መጋዘን የገባው። የጎደለውን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍ ቢባል፣ እያንዳንዱን ዕቃ ከሌላው ዝርዝር ሁሉ ጋር እያስተያየ የሚሄድ ሰው መቶ ዕቃ ቢሆን ይወጣዋል። ዕቃው አንድ ሚሊዮን ሲሆን ግን ማስተያየቱ እስከ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ይደርሳል። ብልሁ የመጋዘኑን ዝርዝር አስቀድሞ በየቁጥሩ ቦታ ቦታውን ያስይዘዋል፤ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጊዜ መመልከት ይበቃል። ፈታኙም ከመልሱ ሌላ፣ አመልካቹ ከመጻፉ በፊት ጠይቆ መረዳቱን፣ ዝርዝሩ ባዶ ቢሆን ወይም አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ቢጻፍ ምን እንደሚከተል ማሰቡን ይመዝናል።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ውሳኔው የሚሰጥበት መንገድ ነው። ላዝሎ ቦክ በ2015 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ከአራት በላይ ጠያቂ መጨመር እምብዛም አይረባም፤ ሠራተኛው የሚያስፈልገው የክፍል ኃላፊም ብቻውን አይወስንም። አመልካቹን ያላየ ጉባኤ የጠያቂዎቹን ጽሑፍ መርምሮ ሐሳቡን ይሰጣል፤ ወንበሩ ባዶ የሆነበት ኃላፊ ይቸኩላልና። በኢትዮጵያ ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር ዋስ መጥራት የተለመደ ነው፤ ዋስ ግን ለሰውየው ታማኝነት እንጂ ለሙያው አይፈርምም።

የተቀጠረውም ቢሆን እንደ ልቡ አይጽፍም። በ2016 የኩባንያው ባለሙያዎች ባወጡት ጽሑፍ መሠረት፣ ከ25,000 በላይ ኤንጂኒየሮች የሚሠሩበት የጋራ ማኅደር በ2015 መጀመሪያ 2 ቢሊዮን ያህል የፕሮግራም መስመር ይዞ ነበር። አንድ መስመር እንኳ ቢለወጥ፣ ለውጡ ከመግባቱ በፊት ሌላ ኤንጂኒየር አንብቦ መስማማት አለበት፤ ሒሳብ ያዡ ባዘጋጀው ቼክ ላይ ሌላ ሰው እንደሚፈርም ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ማጣሪያ ላለፈ ሰው ግን ወንበሩ ጸንቶለታል ማለት አይደለም። በጥር 2023 ኩባንያው 12,000 ያህል ሠራተኞችን እንደሚያሰናብት አስታወቀ፤ በአሜሪካ ያሉት ተሰናባቾችም ወሬው የደረሳቸው በኢሜይል ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሱንዳር ፒቻይ የሰጡት ምክንያት፣ ያ ሁሉ ቅጥር የተፈጸመው ከዚያን ጊዜው ለተለየ የኢኮኖሚ ሁኔታ ነበር የሚል ነው።